ወብ ሸለቆ መቼ ይኬዳል? ባሌን በየወቅቱ የማየት ዝርዝር መመሪያ

ከባሌ በተመለስኩ ቁጥር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይመጣልኛል። «መቼ ብንሄድ ይሻላል?» መልሴም ሁልጊዜ አንድ ነው። ምን ለማየት?

ነገር ለማካበድ አይደለም። ወብ ሸለቆን በታህሳስ አይቼዋለሁ። ሣሩ እንደ ገለባ ደርቆ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ሌሊቱ ግን የውሃ ኮዳዬን ድንጋይ አድርጎት አደረ። በነሐሴም አይቼዋለሁ። ያኔ ፊት ለፊቴ የሚሄደውን ፈረስ ጉሙ እየዋጠው፣ ኮቴውን እየሰማሁ ነው የተከተልኩት። በታህሳስ የሄደና በነሐሴ የሄደ ሰው ቁጭ ብለው ቢያወሩ ስለ አንድ ቦታ መሆኑን አይግባቡም።

ሸለቆው ያለው በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው፤ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,500 ሜትር አካባቢ። ሸለቆ ሲባል እንደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል የሚወርድ ገደል አታስቡ። ሰፊ፣ ዛፍ የሌለው የሣር ሜዳ ነው። ዙሪያውን ጥንት ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ቋጥኝ ከቦታል፤ መሀሉን የወብ ወንዝ ይሄድበታል። ፓርኩ ከተቋቋመ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

መጀመሪያ ወቅቱን ምረጡ

መስከረም ሲጠባ «ፀደይ መጣ» የሚል የከተማ ሰው ብዙ ነው። በአባቶች ቆጠራ ግን ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። ከመስከረም 26 በኋላ ያለው መፀው ይባላል። ይህን ያነሳሁት ቋንቋ ላርም ብዬ አይደለም። ባሌ ላይ ልዩነቱ የምታደርጉትን ጫማ ይወስናል። እዚያ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ፣ መሀል ላይ ትንሽ ትንፋሽ ሰጥቶ፣ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። የአዲስ አበባን ሰማይ አይታችሁ ስለ ባሌ ከወሰናችሁ ትሸወዳላችሁ።

መፀው። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ሸለቆው አረንጓዴ ነው። ወንዙ ሞልቷል፣ ፏፏቴው ይጮኻል። ጠዋት ይገልጣል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ደመናው ይሰበሰብና ያወርደዋል። ስለዚህ ጉዞውን በጠዋት ጨርሶ ከሰዓት ድንኳን ውስጥ መሆን ነው። በዚህ ጊዜ ደጋ አጋዘን ግልገል ይዛ ትታያለች። መንገዱም ራሱ ጉዞ ነው፤ የአርሲ ተዳፋት በአደይ አበባ ብጫ ይሆናል።

ህዳር ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። ዝናቡ ያቆማል፣ አረንጓዴው ግን ገና ሙሉ በሙሉ አልሄደም። ጭቃው ይደርቃል። ውርጩ ጀምሯል፤ ሆኖም የጥርን ያህል አልበረታም። በአርሲና በባሌ ስንዴው ደርሶ ኮምባይነሮች መንገዱን ይዘው ይንቀሳቀሳሉ። ከኋላቸው መሰለፍ ትዕግስት ይጠይቃል፤ የሜዳው ወርቃማነት ግን ይክሳል። አንድ ጊዜ ብቻ መሄድ የምትችሉ ከሆነ ህዳር አጋማሽን ያዙ። ክርክር አልቀበልም።

በጋ። ታህሳስና ጥር ሁሉም መመሪያ የሚመክረው ጊዜ ነው። እውነት አለው፤ መንገዱ ደረቅ፣ እይታው ሩቅ ነው። ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከዓረብ አገር ለገና እና ለጥምቀት የሚመጡ ወገኖች ፈቃዳቸው የሚገጥመው ከዚህ ወቅት ጋር ነው። ግን «በጋ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያታልላል። ባሌ ላይ ከዓመቱ በጣም ቀዝቃዛው ሌሊት የበጋ ሌሊት ነው። ደመና ስለሌለ ምድሩ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ሁሉንም ይለቀዋል። በፓርኩ ከፍ ያለ ሜዳ፣ በሳነቴ አምባ ላይ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ተመዝግቦ ያውቃል። ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል። ቲሸርትና ወፍራም ጃኬት በአንድ ቀን ውስጥ ያስፈልጋችኋል።

የበጋው ትልቁ ስጦታ ቀይ ቀበሮ ነው። ብዙዎቹ ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ባለው ጊዜ ይወልዳሉ። ቡችሎቹ ሦስት ሳምንት ያህል ጉድጓድ ውስጥ ቆይተው ብቅ ይላሉ። ስለዚህ ታህሳስና ጥር ላይ ቤተሰቡን በሙሉ የማየት ዕድል አለ። ደጋ አጋዘኖችም ታህሳስ አካባቢ ሴት ፍለጋ ላይ ስለሚሆኑ ወንዶቹ እየተንጎራደዱ ቀንዳቸውን ያሳያሉ።

የካቲት ላይ ሁሉም ነገር ይደርቃል። ፏፏቴው ይቀጥናል፣ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ክብሪት ይሆናል። በ1992 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ላይ በባሌ የተነሳው ቃጠሎ ሰፊ ደን በልቷል። በዚህ ወቅት ከሄዳችሁ እንጨት ማንደድ የለም፤ ምድጃ በጋዝ ብቻ።

ፀደይ። መጋቢት መጨረሻ ዝናቡ ይመለሳል። ጎብኚ የለም ማለት ይቻላል። ሸለቆው በሁለት ሳምንት ውስጥ ከገለባ ወደ አረንጓዴ ሲገለበጥ ማየት ለፎቶ ሰው ሌላ ዓለም ነው፤ ብርሃኑ በደመና መሀል እየተቆረጠ ይወርዳል። የባሌ ገበሬ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል፣ ገና እና ቦና ይለዋል። ታችኛው መሬት እህል ሲይዝ ከብቱ ወደ ላይ ይወጣል። ይህን የወቅት ጉዞ ጎዳንቱ ይሉታል። በሸለቆው ከብት ሲበዛ ፈረንጅ ጎብኚ ፊቱን ይቋጥራል። እኔ ግን ከእረኞቹ ጋር ያወራሁት ወሬ ከብዙ ሽርሽር ይበልጥብኛል።

ክረምት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጀማሪ ወደ ወብ አይሂድ። ጭቃው ጉልበት ይበላል፣ ወንዞቹ መሻገሪያ አይሰጡም፣ መኪናም ይቀረቀራል። የትምህርት ቤት ዕረፍት በዚህ ወቅት ስለሆነ ልጆች ይዞ መሄድ የግድ ሊሆን ይችላል፤ ገባኝ። እንዲያ ከሆነ ዕቅዱን ቀይሩ። ወብን ተውትና የፓርኩ ዋና ቢሮ ባለባት በዲንሾ ከተማ ዙሪያና በጋይሳይ ሜዳ ላይ ቆዩ። እዚያ አስፋልት ቅርብ ነው፣ እንስሳውም በዝናብም ይታያል። ከሳነቴ ማዶ ያለው የሐረና ደንም በጉም ሲሸፈን ይበልጥ ያምራል።

ከዚያ መንገዱ

ከአዲስ አበባ እስከ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በሞጆ፣ በዝዋይና በሻሸመኔ ዞሮ በኮፈሌ ዶዶላ ይገባል። ሌላው በአዳማ፣ በአሰላና በበቆጂ አድርጎ ዶዶላ ላይ ይገናኛል። ከዶዶላ በኋላ አዳባ፣ ከዚያ ዲንሾ። እኔ የበቆጂውን እመርጣለሁ፤ ከፍታውን ቀስ በቀስ ያስለምዳችኋል። የእነ ደራርቱና የቀነኒሳ አገር ላይ ቆሞ ሻይ መጠጣትም አንድ ነገር ነው። ሻዩን ስትጠጡ የሚሮጡ ልጆች በአጠገባችሁ ካላለፉ ሰዓቱ ትክክል አይደለም ማለት ነው፤ በጠዋት ድረሱ።

በአንድ ቀን ይደረሳል። ግን ማለዳ 11 ሰዓት ካልተነሳችሁ ይመሽባችኋል፤ ሲመሽ ደግሞ ከብትና ጋሪ መንገድ ላይ አለ። በሕዝብ ትራንስፖርት የሚሄድ ወደ ሮቤ ወይም ጎባ የሚሄደውን አውቶቡስ ይዞ ዲንሾ ላይ ይወርዳል። ለረዳቱ «ዲንሾ ወራጅ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ከተማዋ ትንሽ ናት፣ እንቅልፍ ከወሰዳችሁ ሮቤ ትነቃላችሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ወደ ባሌ ሮቤ ይበራል። ከሮቤ ዲንሾ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ሳምንት ስለ መንገዱ ፀጥታ እዚያው ላለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። ፌስቡክ ላይ ያነበባችሁትን አትመኑ።

ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ባንክ ሮቤና ጎባ አለ። ሸለቆው ውስጥ ግን ኔትወርክ የሚመጣው ሲፈልግ ነው፤ በስልክ እከፍላለሁ ብሎ ባዶ ኪስ መግባት ሞኝነት ነው።

ዲንሾ ስትደርሱ

የፓርኩ ዋና ቢሮ ከከተማው ከፍ ብሎ በጥድና በኮሶ ዛፎች መሀል ነው። መግቢያ የሚከፈለው፣ አስጎብኚና ፈረስ የሚያዘውም እዚሁ ነው። ዋጋው ለአገር ውስጥና ለውጭ ጎብኚ ይለያያል። መታወቂያ አትርሱ። ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢጫ ካርዳችሁን ይዛችሁ በየትኛው ዋጋ እንደምትስተናገዱ እዚያው ጠይቁ። ደረሰኙን አትጣሉት፤ ኋላ ወደ ሳነቴ ስትወጡ ይጠየቃል።

አስጎብኚ መያዝ ግዴታ ነው፤ ግዴታ ባይሆንም ያዙ። ኒያላ የተባለ የአስጎብኚዎች ማህበር አላቸው። ወረፋ ስላለ የሚመጣላችሁ ተረኛው ነው። ከመነሳታችሁ በፊት አራት ነገር በግልጽ ተነጋገሩ፦ ስንት ቀን፣ ስንት ፈረስ፣ የፈረሰኛው ክፍያ ለብቻ መሆኑን፣ የእነሱን ምግብ ማን እንደሚይዝ። እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ አራተኛውን ዘልዬው ሁለተኛው ቀን ላይ ለሁለት የያዝኩትን ምግብ ለአራት ማካፈል ግድ ሆነብኝ። በልቶ ማደር ተቻለ፤ ግን በሶው ባይኖር ጉድ ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን ሩጫ አታብዙበት። ዲንሾ ራሷ 3,000 ሜትር አለፍ ትላለች። ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው ብዙ አይከብድም። ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ በቀጥታ ለመጣ ግን ራስ ምታት ይኖራል። ውሃ ጠጡ፣ አረቄ ይቅር፣ በጊዜ ተኙ። ከሰዓት በቢሮው ዙሪያ ባለው ጫካ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። ደጋ አጋዘን፣ የምኒልክ ድኩላና ከርከሮ ሰው ስለለመዱ ብዙም አይሸሹም።

ደጋ አጋዘን ማለት የድሮው 10 ሳንቲም ላይ ያለው እንስሳ ነው። ስንቶቻችን በኪሳችን ይዘነው ስንዞር ኖረናል! ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው። የውጭ ሳይንስ ያወቀው ገና በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው፤ የባሌና የአርሲ ሰው ግን ከዚያ በፊት ሲያየው ኖሯል።

ወደ ሸለቆው፣ ቀን በቀን

ሁለተኛው ቀን። ሳይነጋ ተነሱና ወደ ጋይሳይ ሂዱ። ወደ አዳባ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ትንሽ ሜዳ ነው። ጭቁኝ ሞልቶበታል፤ ጠዋት ጤዛ ሲያርፍበት ሽታው ከመኪና ሳትወርዱ ይደርሳችኋል። ደጋ አጋዘን መንጋ ሆኖ የሚታየው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩልና ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። እኩለ ቀን ከሄዳችሁ ሣር ታያላችሁ።

ከቁርስ በኋላ ጭነቱ ፈረስ ላይ ይወጣና ጉዞ ወደ ወብ ይጀመራል። መንገዱ በእርሻና በአስታ ቁጥቋጦ መሀል ከፍ ይላል። በመሀል አምጃ ታገኛላችሁ፣ ብጫ አበባ ያለው። በእግር የማይችል ፈረስ ይከራያል። የባሌ ፈረስ ትሁት ነው፤ ኮርቻው ግን ትሁት አይደለም። ጋቢ አጥፋችሁ ከስራችሁ አድርጉ።

የሌሊት ማረፊያው ሶዶታ ወይም ፊንጫ ሀበራ አካባቢ ነው። ፊንጫ ማለት በኦሮምኛ ፏፏቴ ነው። ከክረምት በኋላ ከሄዳችሁ ከሩቅ ትሰሙታላችሁ።

እዚህ ቦታ ላይ ትንሽ ልቁም። በ2011 ዓ.ም. ተመራማሪዎች በፊንጫ ሀበራ የዋሻ መጠለያ ያገኙትን አሳተሙ። ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ሰዎች እዚህ፣ 3,469 ሜትር ላይ ይኖሩ ነበር። በዚያን ዘመን ከሸለቆው በላይ ያሉት ከፍታዎች የበረዶ ግግር ነበረባቸው። ሰዎቹ ከጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት ስለት ይሠሩ ነበር። የሚበሉት በብዛት ምን ይመስላችኋል? ፍልፈል፣ ተጠብሶ። በዚህ ከፍታ ሰው ለመኖሩ እስካሁን ከተገኙት ጥንታዊ ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው። ማታ ድንኳን ውስጥ ብርዱ ሲያንዘፈዝፋችሁ እነሱን አስቡ።

ሦስተኛው ቀን። ለዚህ ቀን ነው የመጣነው። ሌላ ቦታ የዱር እንስሳ ለማየት ከሌሊቱ ይወጣል። ቀይ ቀበሮ ግን የቀን ሠራተኛ ነው። ለምን? ምግቡ አይጥና ፍልፈል ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ብርዱን ፈርተው ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቀው አይወጡም። ስለዚህ በበጋ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት አትቸኩሉ። ቁርሳችሁን ብሉ። ከዚያ ከፍ ያለ ድንጋይ ፈልጋችሁ ተቀመጡና ዝም በሉ። ትልቁ ስህተት እየዞሩ መፈለግ ነው፤ እሱ እየዞረ ይመጣል።

መጀመሪያ የምታዩት ግን ፍልፈሉን ነው። ይህ የባሌ ግዙፍ ፍልፈል በዓለም ላይ ያለው እዚህ ተራራ ላይ ብቻ ነው፤ ክብደቱ ወደ 1 ኪሎ ይጠጋል። ከጉድጓዱ ግማሽ አካሉን አውጥቶ ዙሪያውን ያለውን ሣር ያጭዳል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ ይገባል። አጠገቡ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ትቆማለች። ፍልፈሉ አፈር ሲገለብጥ የሚወጣውን ነፍሳት ትለቅማለች። ጠላት ሲመጣ ትጮኻለች፤ እሱም ይገባል። ወፏ ድንገት ከጮኸች ዞር ብላችሁ እዩ። ቀይ ነገር ሣሩ ላይ ተለጥፎ እየመጣ ይሆናል።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 በታች ነው የቀረው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። ቤተሰቡ አብሮ ያድራል፣ አብሮ ድንበሩን ይጠብቃል፣ አደን ላይ ግን እያንዳንዱ ለየብቻው ነው። ፈረንጆቹ ተኩላ ይሉታል፤ በዘር ከቀበሮ ይልቅ ለተኩላ ስለሚቀርብ ተሳስተዋል ማለት አይቻልም። በኦሮምኛ ስሙ ጀዳላ ፈርዳ ነው፣ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት። ልትወልድ የደረሰች ባዝራ ተከትሎ እንግዴ ልጅ ስለሚጠብቅ ነው ይላሉ። አብሮኝ የነበረው ፈረሰኛ ይህን ሲነግረኝ ሦስት ጊዜ ሳቀ።

ጥንቃቄው እዚህ ላይ ነው። ቡችላ ያለበትን ጉድጓድ ካያችሁ ጠጋ አትበሉ፤ እናትየዋ ከተረበሸች ልጆቿን ይዛ ቦታ ትቀይራለች። ምግብ አትወርውሩ። ውሻ ደግሞ በጭራሽ ይዛችሁ አትሂዱ። ቀይ ቀበሮን እየጨረሰ ያለው ከቤት ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በተደጋጋሚ ተከስቶ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ አጥፍቷል።

በወንዙ ዳር ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይ ፈልጉ። እሱም የኢትዮጵያ ብቻ ነው። አጭር፣ ወፈር ያለ፣ ሲራመድ ጌታ ነኝ የሚል ዓይነት።

አራተኛው ቀን። ጊዜ የሌለው ወደ ዲንሾ ይመለሳል። ጊዜና ጉልበት ያለው በኬይሬንሳ አድርጎ ወደ ራፉ ይቀጥላል፤ እዚያ የቀለጠ ድንጋይ ቆሞ የቀረ የሚመስል የአለት ምሰሶ ጫካ አለ። ከዚያ በኋላ ገርባ ጉራቻ። ስሙ ጥቁሩ ሐይቅ ማለት ነው። 3,950 ሜትር ላይ በገደል ተከቦ የተቀመጠ ትንሽ ሐይቅ ነው። ከላይ ሲያዩት እውነትም ጥቁር ነው። በዝናብ ወቅት ይህን ቅጥያ ተውት።

ልብስና ስንቅ

ጃኬት ከሱቅ በብዙ ሺህ ብር መግዛት ግድ አይደለም። መርካቶ ሳልባጅ ውስጥ ጥሩ ጥሩ የበረዶ አገር ጃኬት ይገኛል፤ ዚፑን ብቻ ፈትሹ። የመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት በሹራብና በአንድ ጋቢ ነበር። «በጋ አይደል?» ብዬ። ሌሊቱን ሙሉ ካልሲ እጄ ላይ አድርጌ ተቀምጬ ነጋ።

በበጋ፦ ወፍራም ስሊፒንግ ባግ፣ ከስሩ የሚነጠፍ ፍራሽ፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ የፀሐይ ቅባት፣ ለከንፈር ቫዝሊን። ስልክና ፓወር ባንክ ሌሊት አብሯችሁ ይተኛ፤ ብርድ ባትሪ ይበላል። የምትጠጡትን ውሃም እንዲሁ።

በዝናብ ወቅት፦ ውሃ የማያስገባ ካፖርትና ቦት፣ ለእያንዳንዱ ልብስ ፌስታል፣ ሁለት ትርፍ ካልሲ ለየቀኑ። ጃንጥላ ሸለቆው ላይ ንፋሱ ይገለብጠዋል።

ስንቅ ላይ የአገራችንን ያህል የሚያዋጣ የለም። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። ዲንሾ ወይም ሮቤ ገበያ ላይ ጩኮ ካገኛችሁ ግዙ፤ ገብስ ተቆልቶና ተፈጭቶ በቅቤ የታሸ ነው። አንድ ጭብጥ ጩኮ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። የወንዝ ውሃ ከብት ስለሚያልፍበት ሳይፈላ አይጠጣ። ቆሻሻችሁን በፌስታል ይዛችሁ ተመለሱ።

አካባቢው አብዛኛው ሙስሊም ነው። ጉዟችሁ ረመዳን ላይ ከዋለ ቀን ላይ ምግብ ቤት ላይኖር ይችላል፤ ፈረሰኛችሁም ይጾማል፤ ፍጥነታችሁን በእሱ ልክ አድርጉ። «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ፣ «ገላቶማ» ብሎ ምስጋና ማወቅ በር ይከፍታል። ሰው ወይም ቤት ፎቶ ከማንሳት በፊት ጠይቁ።

አንድ ቀን ከተረፋችሁ፦ ሳነቴና ሐረና

ይህ የመኪና ጉዞ ነው። ከጎባ ተነስታችሁ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ነው። ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል እንደ ዘብ ተርታ ቆሟል፣ ኩሬዎች አሉ፣ መንገዱ ዳር ቀይ ቀበሮ ሊያልፍ ይችላል። ሾፌራችሁን ቀስ በል በሉት። እኔ አንድ ጊዜ የያዝኩት ኮንትራት መኪና ሾፌር «ምንም የለም እዚህ፣ ባዶ ሜዳ ነው» እያለ በ90 ሲነዳ ሁለት ቀይ ቀበሮ አሳለፈን። በመኪና የሚገጩ አሉ፤ ቀልድ አይደለም።

ቱሉ ዲምቱ፣ ማለትም ቀዩ ኮረብታ፣ 4,377 ሜትር ነው። ፎር ዊል መኪና ጫፉ ድረስ ይወጣል። ራሳችሁን ካመማችሁ ወይም ማቅለሽለሽ ከመጣ ፎቶው ይቅርና ውረዱ። ይሻላል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም፤ መድኃኒቱ መውረድ ነው።

ከአምባው ማዶ መንገዱ ይታጠፍና ሐረና ይጀምራል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከጅብራ ወደ አስታ፣ ከአስታ ወደ ኮሶ፣ ከኮሶ ወደ ቀርከሃ ትወርዳላችሁ። ቀርከሃው የባሌ ጦጣ ቤት ነው፤ ዋና ምግቧ የቀርከሃ ለጋ ቅጠል ነው። በደኑ ውስጥ አንበሳና የዱር ውሻ አሉ፤ ማየት ግን ዕድል ነው። ታች ወርዶ ቡናው ሰው ሳይተክለው በደኑ ጥላ ስር ያድጋል። ሪራ መንደር ቆማችሁ ቡና ጠጡ፣ ማር ግዙ። የማሩ ቀፎ ትልልቅ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ስታዩ እንዴት እንደሚወጡ መጠየቅ አይቀርም። ጠይቁ፤ ደስ ብሏቸው ያሳያሉ።

የሶፍ ዑመር ዋሻን መጨመር ለሚፈልግ አንድ ማስታወሻ። ከሮቤ ወደ ምሥራቅ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዋሻው ውስጥ የሚያልፈው ወንዝ ያው ወብ ነው፣ ሸለቆው ላይ ዝይ ያያችሁበት። ዋሻው ውስጥ ወንዙን ደጋግሞ መሻገር ስላለ የሚገባው በደረቅ ወቅት ብቻ ነው። በህዳር ከሄዳችሁ ላይኛው ሸለቆ ላይ ዝናብ መዝነቡን አስጎብኚውን ጠይቁ። ላይ የዘነበው ታች ዘግይቶ ይደርሳል፤ ሶፍ ዑመር ላይ ፀሐይ እየወጣ ወንዙ ሊሞላ ይችላል።